ባለ አንድ ዓይኑ አራሽ

ኮርኔዬ፣ እንደምን አደርክ?

ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም ይሉኛል። ታዲያ ምን ይባላል? ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስልህ የኖርኩትን ነው የምልህ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን ጥቅምት ነው፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋሱም ያው የምታውቀው ነው፤ ከትናንት ወዲያ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ጠርዙን ገልብጦት ሄደ።

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ፤ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ። ለሟች የሚጽፍ ሰው እያለቀሰ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ብዕሩን ይዤ ስስቅ ሱቅ የመጣች ልጅ ደንግጣ ሳትገዛ ተመለሰች። ምሥራች አለኝ። ግን በተራው ነው የማወራው። «ብርቄ፣ እባክሽ ከመጨረሻው ጀምሪልኝ» ትለኝ ነበር፤ አሁን ልትለኝ አትችልም፣ ስለዚህ እንደ ልቤ ላውራው።

መጀመሪያ የቤቱን። ማርታችን ደብረ ታቦር ማስተማር ጀምራለች። ቁመቷ ያንተ፣ ምላሷ የእኔ ነው፤ ተማሪዎቿ ይፈሯታል አሉ። እኔ የፔንሲዮኑን ሥራ ትቻለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ አለ። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ግድግዳውን አስከፍቼ ሱቅ አድርጌዋለሁ፤ ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ደብተር። የባጃጅ ነጂዎቹ በሬ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ይውላሉ፣ እኔም አልፎ አልፎ እፈርዳለሁ። የሥዕል ክፍልህን አልነካሁትም፤ አቧራ እንዳይገባ በሩ ላይ መጋረጃ ጨምሬበታለሁ እንጂ። እህትህ ሰው ልካ ግማሹን ሥዕል ወደ ሆላንድ አስወስዳለች። አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ ሰው ሲያየው ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። ወገዳ ገበያን ከገደሉ አናት ላይ ሆነህ የሣልከው፣ ያ ጃንጥላው የበዛበት፣ እሱ ፊት ፈረንጆቹ ወይን ይዘው ቆመዋል። ከእነሱ ውስጥ ወደ ስማዳ የሚወርደውን መንገድ በበቅሎ ለመሄድ የሚደፍር አንድም አይገኝ!

ሱቅ የሚመጣ ሁሉ ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ንፋስ መውጫ ላይ የኖረ ፈረንጅ ሠዓሊ እንዴት አያስጠይቅ። እኔም አልሰለችም፣ ከተወለድክበት ጀምሬ ነው የምነግራቸው። አገርህ ከባሕር በታች እንደሆነ፣ ውኃውን በአፈር ግድብ አግዳችሁ እንደምትኖሩ ስነግራቸው ማንም አያምነኝም። አባትህ ላም አላቢ እንደነበሩ፣ አንተ ግድቡ ላይ በጀርባህ ተኝተህ ደመና እያየህ ላሞቹ የሰው ማሳ ይገቡ እንደነበር ስነግራቸው ግን ያምኑኛል። አገሬው ሜዳ ነው፣ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚታየው ሰማይ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ ሠዓሊ ከሸራው ሁለቱን እጅ ለሰማይ ሰጥቶ ለመሬቱ አንዱን ብቻ ይተውለታል እላለሁ። ወጣት ሳለህ የሰው ቤት ግድግዳ እየቀባህ እንጀራህን ትበላ እንደነበር፣ እሑድ እሑድ ብቻ ደመናህን ትሥል እንደነበርም አልደብቅም። ምን ያሳፍራል?

ወደ ላሊበላ ስትሄድ አውቶቡሱ እዚህ ተበላሸ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ መዝጋቢ ነበርኩ። አውቶቡሱ በማግሥቱ ተጠገነና ሄደ፤ አንተ ቀረህ። «ይህን ነፋስ አውቀዋለሁ፣ የአገሬ ነፋስ ነው» አልክ። ላሊበላን እስክትሞት አላየኸውም። ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት የቀረህ ይመስለዋል፤ እኔም አላስተባብልም። እውነቱን ግን እኔና አንተ እናውቀዋለን፤ የመጀመሪያውን ወር ስንጣላ ነው የከረምነው። ነጭ አንሶላዬን በቀለም ጨርሰኸው!

ያን ተልባም አልረሳውም። ቀለም የምትለውስበት ዘይት አለቀብህ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ተዘጋ፣ አንተ ክፍልህ ውስጥ እንደ ታመመ ሰው ተኛህ። ከምንድን ነው የሚሠራው ብልህ የዘሩን ሥዕል ሣልክልኝ፤ ሰማያዊ አበባውን ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋይንት ተቀምጦ ተልባ አጣሁ የሚል ሰው! ቅዳሜ ገበያ ወሰድኩህ። ባልቴቶቹ ለጾም የምትገዛ መስሏቸው መረቁህ። መጀመሪያ ያስጨመቅክበት ሰውዬ ግን የኑጉን ቅሪት ከመጭመቂያው ሳያጸዳ ቀላቅሎ ሰጠህ። ያኔ የምትሥለው የአውድማ ሥዕል ነበር፤ ቀለሙ አልደርቅ አለ። ፀሐይ ላይ ብታወጣው የውቂያ ጊዜ ነውና ነፋሱ የገብሱን እብቅ እያመጣ ለጠፈበት። እኔ አበቃለት ብዬ ክው አልኩ። አንተ ዞር ዞር እያልክ አየኸውና «እኔ ከምሥለው ይሻላል» ብለህ እብቁን እዚያው ተውከው። አሁን ማርታ ቤት ተሰቅሏል፤ ስትዳስሰው ይወጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችህ አያምሩም ነበር፤ ያኔ አልነገርኩህም፣ አሁን ልንገርህ። ተራራ አታውቅም ነበራ። ጉናን እንደ ድፎ ዳቦ ነበር የምታሳብጠው። በኋላ ነው፣ አንድ የሐምሌ ቀን፣ የደመና ጥላ በጉና ጎን ላይ ሲሄድ ያየኸው። ማሳውን ሲያጠቁረው፣ ሲለቀው፣ ቀጣዩን ሲያጠቁረው። እየሮጥክ መጥተህ «ብርቄ፣ እዚህ አገር ሰማዩ መሬት ላይ ነው የሚሄደው!» አልከኝ። እውነትም ከዚያ በኋላ የሣልከው ሁሉ ሰማይ ባይኖርበትም ሰማይ አለበት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ማርታም ታነበዋለች፣ ሌላም ሰው ያነበው ይሆናል፤ ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ጭምር እናገራለሁ።

ቤተ ልሔም ደብር ወጥተን የአብነት መምህሩን የኔታን ሥዕል ያሳየናቸው ዕለት ነው የተጀመረው። የኔታ አጥምቀው ቆርኔሌዎስ ያሉህ ናቸው፤ አባትህ ካወጡልህ ስም፣ ከኮርኔሊስ፣ ብዙም አልራቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሥዕልህን ረጅም ጊዜ አዩና፣ «ሰው የለበትም?» አሉ። የለም አልክ። «በሬስ? በግስ?» የለም። «ልጄ፣ ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት ረቡዕ ነው። እንስሳውና አዳም የተፈጠሩት ዓርብ ነው። ያንተ ሥዕል ረቡዕ ላይ ቀርቷል፤ እባክህ ዓርብ አድርሰው» አሉህ። ተማሪዎቻቸው ሳቁ። አንተ ግን አልሳቅክም። በሚቀጥለው ሳምንት አያ ደምሌን መሣል ጀመርክ።

አያ ደምሌ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የተረተሩ ማሳ ባለቤት ነው። አንተ ሁልጊዜ የምትሥለው ከዚያ ተረተር ላይ ሆነህ ነበር። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያህን ነፋስ እንዳይጥለው በጠፍር አስሮ ድንጋይ የሚያንጠለጥልልህ እሱ፤ ቆሎውን የሚያካፍልህ እሱ፤ የሠርጋችን ዕለት እዚህ አገር ወንድም የለህምና በወንድም ቦታ የቆመልህ እሱ። እሱ ሲያርስ አንተ ስትሥል፣ አንዳችሁም ቃል ሳትናገሩ ውላችሁ ማታ «ዛሬ ብዙ ተጫወትን» ትሉ ነበር። ታዲያ ማንን ትሥል?

ሥዕሉ ሲያልቅ ሳሎን ሰቀልነው። ያማረ ነበር፣ አሁንም ያማረ ነው። ማሳው ግማሹ ታርሶ ጠቁሯል፣ ጥላው ከወዲያ እየመጣ ነው፣ አያ ደምሌ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ በጎን በኩል ያልፋል። የጊዮርጊስ ማኅበር እኛ ቤት የዋለ ዕለት ሁሉም አየው፣ ሁሉም አደነቀ። ልብስ ሰፊው ባየ ግን ጠላው ሞቅ አድርጎት ነበርና ተጠግቶ አየና፣ «አያ ደምሌ፣ ቀይ ባሕር ሳትገባ በሬዎቹን ፍታቸው እንጂ!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተም ሳይገባህ አብረህ ሳቅክ። እኛ አገር ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያየ ነው የሚያድገው። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩሃል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ቀይ ባሕር የሚሰጥመው የፈርዖን ሠራዊት ደግሞ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። አንተም የአያ ደምሌን አንድ ዓይን ብቻ ነበር የሣልከው። አያ ደምሌ ጠላው በዋንጫው ውስጥ እንዳለ አስቀምጦ ወጣ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ተረተሩ ላይ ስትወጣ በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ሌላው ማሳ ይነዳል።

ሽማግሌ ላክን። አያ ደምሌ ያለውን ሽማግሌዎቹ እንዳለ ነገሩን፤ «እሱን አልጠላሁትም። ግን ነገ ልጅ ልጄ ያንን አይቶ፣ አያቴ ከማን ወገን ነበር ቢል ማን ይመልስለታል?» አለ። እውነቱን ነበር። አንተን ደግሞ ሌላ ዓይን ጨምርለትና ይለቅ ብልህ፣ «ገበሬ እያረሰ ወደ እኔ ካየ ትልሙ ይጣመማል። ደምሌ ትልሙ ተጣሞ አያውቅም። እሱን አክብሬ ነው» አልክ። ይህም እውነት ነበር። በአንድ ቤት በሁለት እውነት መሐል ስቀመጥ ዓመታት አለፉ። ያ ክፉ ሳል ሲይዝህ፣ አልጋ ላይ ሆነህ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እያልክ ማን ነው ትለኝ ነበር። ማንን እንደምትጠብቅ ጠፍቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት።

ቀብርህ ላይ ከተማው አልቀረም። ከቤተ ልሔም ካህናቱ መጡ፣ የኔታም በበቅሎ መጡ። አያ ደምሌ አልመጣም። በዚያ ሁሉ ነጠላ መሐል የእሱን ጥምጥም ስፈልግ ነው የዋልኩት። ድንኳኑ ውስጥ የሟች ወንድም የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ሰነበተ፤ ሰው እያወቀ ዘሎት ይቀመጥ ነበር። ሰው በሠርግ ቢቀር ይረሳል፣ በለቅሶ ከቀረ ግን አይረሳም። ወንድም የሌለው ሆኖ ተቀበረ የሚለው ነገር ሁለት ክረምት ሙሉ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዴማ ብሩሽህን አንስቼ ሁለተኛውን ዓይን እኔው ልጨምር ቆርጬ ነበር። ወንበር ላይ ቆምኩ፣ ቀለሙን አጠቀስኩ። ከዚያ የት ላድርገው? ጆሮው ላይ? ብሩሹን አጥቤ መለስኩት።

በዚህ ክረምት የአያ ደምሌ በሬ ገደል ገባ። ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቦራ። ዝናቡ መሬቱን አላልቶት ኖሮ ሲግጥ ከነሣሩ ተንዶ ወረደ። አያ ደምሌ ለሳምንት ከቤት አልወጣም አሉ፤ ለሰው እንኳ እንደዚያ አላዘነም አሉ። እኔም ሄጄ አጽናናሁት፤ ተቀበለኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጨው ስጪኝ አለ። ሚስቱ እት ዘውዴ ጨው የገዛችኝ በዋዜማው ነበር። ሰጠሁት። አይሄድም። ክብሪትም ጨምሪ አለ። ጨመርኩ። አይሄድም። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ «ያ ነገር አለ?» አለኝ። አለ፣ ግባ እንጂ አያ ደምሌ አልኩት። አንተ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር እያልኩ የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥኩለት።

ጥምጥሙን አስተካክሎ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ራሱን አላየም፣ ቀጥ ብሎ በሬውን ነው ያየው። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያርስ ሰው፣ «ቦራ» አለው። «ግራ ቀንዱ ወደ ታች ማዘንበሉን አልሳተም፤ ታፋው ላይ ያለችውን ጠባሳም አልሳተም፤ ይህችን እኮ እኔና ዘውዴ ነን የምናውቃት» አለ። እኔ እንደምታውቀኝ ዝምታ አልችልም፣ ግን ቻልኩት። ዞር አለና፣ «ብርቄ፣ ቦራም እኮ አንድ ዓይን ነው ያለው» አለኝ። አዎ አልኩ። «ቦራ ሰይጣን ነው?» ኧረ ምን በወጣው! አልኩ። «እንግዲያ እኔም አይደለሁማ» አለና ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ለበሬው ይሁን ለአንተ አልጠየቅኩትም። «ያን ጊዜ ራሴን ብቻ ነበር ያየሁት» አለኝ፣ ጨውና ክብሪቱንም ረስቶ ሄደ።

ምሥራቹ ይኸውልህ፤ እሑድ ለቅሶህን ደረሰ! ነግሮኝ አልመጣም። ከቅዳሴ ተመልሼ ቁጭ እንዳልኩ ከበር ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እት ዘውዴ እንጀራና ወጥ ተሸክማ፣ ልጆቹ ጠላ ይዘው፣ እሱ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የባጃጅ ነጂው ማን ሞተ? አለ። ኮርኔሊስ፣ አሉት። «እሱማ ከሞተ ቆየ እኮ!» አለ። ባየ ነው የመለሰለት፤ «ለአያ ደምሌ ገና ዛሬ መሞቱ ነው፤ ዝም ብለህ ግባና ተቀመጥ» አለው። ባየም ገብቶ ከአያ ደምሌ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ አያ ደምሌም «ተነስ፣ አንተ መርፌ ምላስ!» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው። ወንበር ሲያቀርቡለት አያ ደምሌ የመረጠው የወንድምን ቦታ ነው። እዚያ ተቀምጦ መጥቶ «እግዜር ያጥናህ» የሚለውን ሰው ሁሉ በወንድምነት አሜን እያለ ተቀበለ። ከሰዓት በኋላ መቃብርህ ድረስ ሄደን ጸሎት ተደረገ። ኮርኔዬ፣ ከዚያ ወዲህ ደረቴ ቀለል ብሎኛል፤ ስተነፍስ ይታወቀኛል።

ማስታወስን በተመለከተ፣ እንዳልረሳህ ቃል አልገባልህም፤ ምን አድርጌ እረሳሃለሁ? ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ሥዕልህ የታጠረ አይሆንም። ሳሎኑን ለሚመጣ ሁሉ ከፍቼዋለሁ፤ ገበሬውም ባጃጅ ነጂውም ገብቶ ያያል፣ እኔም ከግድቡና ከአባትህ ላሞች ጀምሬ አወራለሁ። አያ ደምሌም እያመጣቸው ነው፤ ልጅ ልጁን አቅፎ «ይህ እኔ ነኝ፣ ይህ ቦራ ነው» ሲለው ሰማሁ።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅህ። ሰው ሁሉ ሲወጣ እት ዘውዴ ቀረች። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር መረመረችና ወገቧን ይዛ፣ «በሬው አለ፣ ሰውዬው አለ፣ ድንጋዩ እንኳ አለ። ምሳ ተሸክሜ በየቀኑ ያን አቀበት የምወጣው እኔ ወዴት አለሁ?» አለች። እኔም ተጠጋሁ። ከማሳው በስተጀርባ፣ አቀበቱ ላይ፣ የብሩሽህ ጫፍ የነካት አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። በግ ትሁን፣ ድንጋይ ትሁን፣ አላውቅም። ይኸውልሽ፣ ይህች አንቺ ነሽ፣ ምሳ ይዘሽ ስትመጪ ነው አልኳት። አንድ ዓይንም ሁለት ዓይንም የላት፤ ደስ ብሏት «ነጠላዬን ማጠቤን እንኳ አልሳተም» ብላ ሄደች። ዛሬ ደግሞ እህቶቿን ይዛ ልትመጣ ነው።

ስለዚህ ኮርኔዬ፣ እዚያም ስለዚያች ነጥብ የሚጠይቅህ ካለ፣ እሷ ናት በል።

ብርቄ